የጥጥ አመራረት ደረጃ በወረዳ፦ አጻጻፉ፣ ቁጥጥሩና ገንዘቡ

ይህ መመሪያ ለጥጥ አምራች ማኅበራት፣ ለዩኒየኖች፣ ለወረዳ ግብርና ባለሙያዎችና መካከለኛ ማሳ ላላቸው ባለሀብቶች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ ዝናብ ጠባቂ ለሆነው ለመተማና ለቋራ አካባቢ ይስማማሉ፤ በመስኖ የሚመረተው የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ የሚለይበት ቦታ ላይ ልዩነቱ ተጠቅሷል።

ሥራው ሦስት ነገሮችን ያገናኛል። ማኅበሩ ወይም ወረዳው ጥጡ እንዴት እንደሚመረት በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው መዝገብ ይያዛል፤ ለክትትሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ አስቀድሞ ይያዛል። አብዛኛው ወረዳ የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። የደረጃው ሰነድ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ማሳ ወርዶ የሚያየው ሰው ግን ነዳጅም አበልም አይኖረውም።

ማን ምን ይቆጣጠራል

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ ያንን ሕግ ተከትሎ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ የጥጥ ጉዳይ በአንድ ቢሮ አያልቅም። የዘርና የፀረ ተባይ ቁጥጥር የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ፀረ ተባይን የሚገዛው ሕግ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ልውጥ ሕያው (ዘረ መላቸው በምርምር የተለወጠ) ዘሮች በአዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ይዳኛሉ፤ ይህ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በር ነው። ብሔራዊ የምርት ደረጃዎችን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታንዳርድስ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የላቦራቶሪ ፍተሻና የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። መዳመጫዎች (ፍሬውን ከጥጡ የሚለዩ ተቋማት) እና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በኢንዱስትሪው ዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በኩል ይታያሉ። ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ስለሚመሩ ሒሳባቸውን የሚመረምረው የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቱ ነው።

ማሳው ላይ በየሳምንቱ የሚገኘው ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ብቻ ነው። የምትጽፉት ደረጃ እሱ ያለ ላቦራቶሪ፣ በሜትር፣ በሚዛንና በዓይን ሊያረጋግጠው የሚችል መሆን አለበት።

ደረጃውን መጻፍ

ከሁለት ገጽ አይብለጥ። እያንዳንዱ አንቀጽ አራት ነገር ይናገር፦ ምን ይለካል፣ መቼ፣ በማን፣ የትኛው ወረቀት ላይ ይሰፍራል። «አባሉ ጥራቱን የጠበቀ ዘር ይጠቀማል» የሚለው አንቀጽ አይሠራም፣ የሚለካው ነገር የለውምና። እንዲህ ይጻፍ፦ «አባሉ በማኅበሩ በኩል የተገዛ፣ የዝርያው ስምና የዕጣ (የአንድ ጊዜ ምርት ስብስብ) ቁጥሩ የታወቀ ዘር ይዘራል፤ የዘሩ ከረጢት መለያ ካርድ በአባሉ መዝገብ ላይ ይሰፋል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከዘር በኋላ በ15 ቀን ውስጥ አይቶ ይፈርማል።»

ጥሰት ቢገኝ ምን እንደሚከተልም እዚያው ይጻፍ። ቀላል ጥሰት ለምሳሌ መዝገብ ያለመሙላት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል። ከባዱ ያልተመዘገበ ኬሚካል መርጨት ወይም ጥጥን በፕላስቲክ ጆንያ ማስረከብ ነው፤ የዚያ አባል ጥጥ በዚያ ዓመት ከማኅበሩ ክምር ተለይቶ ይሸጣል። ቅጣቱ ከሰነዱ ውጭ ከተተወ በለቀማ ሰሞን ዝምድናና ጉርብትና ይወስነዋል፣ ይህም ደንቡን ያከበሩትን ይጎዳል።

ዘርና አዘራር

በብዙ ቦታ ገበሬው ከመዳመጫ የወጣ ፍሬ ወስዶ ይዘራል። ይህ ፍሬ የበርካታ ማሳዎች ድብልቅ ነው። ዴልታፓይን 90፣ አካላና ስታም የተባሉት ዝርያዎች በአንድ ማሳ ሲበቅሉ ፍሬያቸው በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፣ የጭረታቸው (ክር የሚፈተልበት የጥጥ ቃጫ) ርዝመትም ይለያያል። ፋብሪካው ዋጋ የሚቀንሰው አጭር ጭረት ስላገኘ ብቻ አይደለም፤ አጭርና ረጅም ሲደባለቅ ክሩ በመፍተያው ላይ ስለሚበጠስም ነው። ስለዚህ አንድ ቀበሌ አንድ ዝርያ ይዝራ። የዝርያ ምክር ከወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በክልሉ ምርምር በኩል ይገኛል።

ዘሩ እንደደረሰ፣ ከመዝራት ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ብቅለቱን ፈትኑ። ከየከረጢቱ ጥቂት ጥቂት ወስዳችሁ 100 ፍሬ ቁጠሩ፤ 25 በ25 አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ሞቃት ቦታ አስቀምጡ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየረጠበ በሰባተኛው ቀን ጤናማ ሥር ያወጡትን ቁጠሩ። የዘር ምጣኔያችሁ የታቀደው ለ80 በመቶ ብቅለት ሆኖ የበቀለው 60 ከሆነ፣ የዘሩን መጠን በ80 አባዝታችሁ ለ60 አካፍሉ፤ 15 ኪሎ የነበረው 20 ኪሎ ይሆናል። ከ50 በታች ከሆነ መልሱት። የመለሳችሁበትን ደብዳቤ ቅጂም ያዙት፣ ለተተኪው ዘር ክርክር ያስፈልጋችኋል።

ጸጉሩ በአሲድ የተወገደለት ዘር በሄክታር ከ12 እስከ 15 ኪሎ፣ ጸጉራሙ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይወስዳል። በመስመር መካከል 90 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሄክታር 55 ሺህ ገደማ ተክል ይቆማል። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በመተማ ጥቁር አፈር ላይ ከዚህ ጠልቆ የተዘራ ዘር ከባድ ዝናብ ከመታው አፈሩ ይደድርበትና ሳይወጣ ይበሰብሳል። የመተማ ዘር ጊዜ ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ በመካከለኛው አዋሽ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ። ማሳሳት በበቀለ በሦስተኛው ሳምንት ይደረግ። የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ማሳው ከአረም ነጻ ካልሆነ፣ በኋላ የሚደረግ ኩትኳቶ ያንን ኪሳራ አይመልሰውም።

ትልን የሚከላከለው ልውጥ ሕያው ጥጥ በኢትዮጵያ ለንግድ ምርት የተፈቀደው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ የተፈቀዱት ከሕንድ የመጡ ሁለት ድቅል (የተለያዩ ወላጆችን በማዳቀል የተገኙ) ዝርያዎች ናቸው። ድቅል ስለሆኑ ከአምናው ምርት ፍሬ አስቀርቶ መዝራት አያዋጣም፤ ልጆቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም፣ ትል የመከላከል አቅማቸውም ከተክል ተክል ይለያያል። ማኅበሩ «ኦርጋኒክ» ለሚል ገዢ የሚሸጥ ከሆነ ይህ ዘር ጨርሶ አይገባም፤ ሁለቱን የሚያመርቱ አባላት ካሉ ከማሳ እስከ መዳመጫ በተለየ መዝገብና በተለየ መጋዘን ይሂዱ።

ተባይ፦ ቆጥሮ መርጨት

ደረጃው በቀን መቁጠሪያ መርጨትን ይከልክል። በየአሥር ቀኑ የሚረጭ ማሳ የጓይ ትልንና (ያልፈነዳ የጥጥ ፍሬ የሚበላ ትል ነው) ሌሎች ተባዮችን የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትን ቀድሞ ስለሚጨርስ ነጭ ዝንብና ክሽክሽ ይፈላሉ። እነዚህ ሁለቱ የሚያዥጎደጉዱት ጣፋጭ ፈሳሽ ፍሬው ከፈነዳ በኋላ ጭረቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጥጡ ይጣበቃል፣ መፍተያው ይቆማል። የሚያጣብቅ ጥጥ በዓይን ነጭ ሊመስል ይችላል፤ ፋብሪካው የሚያውቀው ማሽኑ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዚያ ወረዳ ስም ራሱ ዋጋ ያወርዳል።

ክትትሉ እንዲህ ይደረግ። እስከ እምቡጥ ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአበባ ጀምሮ ሁለት ጊዜ፣ በማሳው ውስጥ እየተጠማዘዙ 20 ተክል ይታያል፤ እንቁላል፣ ትል፣ ነጭ ዝንብ በቅጠል ታች፣ ጠቃሚ ነፍሳትም ይመዘገባሉ። ለሮዝ ጓይ ትል 20 ለጋ አረንጓዴ ፍሬ ተቀጥፎ በቢላ ይሰንጠቅ። ከ20ው በ2ቱ ሕያው ትል ከተገኘ 10 በመቶ ሆኗል፣ እርምጃ ይፈልጋል። ከውጭ የፍሬው ልጣጭ ጤናማ ስለሚመስል ሳይሰነጥቁ የሚደረግ ቆጠራ ዋጋ የለውም። ለሌሎቹ ተባዮች የእርምጃ ገደቡን የክልሉ ምርምር ለአካባቢው ያወጣውን ቁጥር ደረጃው ውስጥ አስገቡ። በአርባ ምንጭ አካባቢ በገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት የተለመደው፣ ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስበው የምግብ ርጭት ለአነስተኛ ማሳ መልካም አማራጭ ነው።

የርጭት መዝገቡ የኬሚካሉን የምዝገባ ቁጥር፣ መጠኑን፣ ቀኑንና የረጪውን ስም ይያዝ። ኢንዶሰልፋን በስቶክሆልም ስምምነት የታገደ ነው፤ አሮጌ ክምችት መጋዘን ውስጥ ከተገኘ አይረጭም፣ አይቀበርም፣ ለባለሥልጣኑ በደብዳቤ ይገለጻል። ባዶ ጣሳ ተበስቶ ይሰብሰብ፤ ለውኃ መቅጃ የሚወስደው ሰው አይጠፋም፣ ሰው ይገድላል።

ለቀማው ካበቃ በኋላ የጥጡ ግንድ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይነቀል። ቀጣዩ ጥጥ እስኪበቅል ቢያንስ ሁለት ወር ማሳው ላይ ሕያው ጥጥ መኖር የለበትም፤ የሮዝ ጓይ ትል ዑደት የሚቋረጠው በዚህ ነው። ብዙ ወረዳ ይህን ያስፈጽምና ግንዱ ለማገዶ በየቤቱ ሲከመር ዝም ይላል። ትሉ ባልፈነዳው ፍሬ ውስጥ፣ በማገዶ ክምሩ ላይ ተኝቶ ክረምቱን ይጠብቃል። ግንዱ ለማገዶ ይሁን፣ ግን የቀሩት ፍሬዎች መጀመሪያ ረግፈው ይቃጠሉ ወይም ከብት ይግባበት። በመስኖ በሚለማበት ቦታ ግንዱ ውኃ እያገኘ ስለሚያቆጠቁጥ ቀነ ገደቡ ይበልጥ ጥብቅ ይሁን።

ለቀማ

ደረጃው በአብዛኛው የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ለዚህም ሦስት ምክንያት አለ። እርጥበት፣ ፕላስቲክና የክፍያ ስልት።

ለቀማ ጤዛው ሳይደርቅ አይጀመር። ያልተዳመጠ ጥጥ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ካለፈ ክምሩ ውስጡ ይሞቃል፤ ጭረቱ ይቢጫል፣ ፍሬው የመብቀል አቅሙን ያጣል። መለኪያ ከሌላችሁ ፍሬውን በጥርስ ሞክሩት፤ ደረቅ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥብ ከሆነ ይጨፈለቃል። ክምር ከተሠራ ክንዳችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ያንኑ ሰዓት አፍርሳችሁ በሸራ ላይ በጥላ አስጡት።

ፕላስቲኩ የማዳበሪያና የእህል ጆንያ ነው። ክሩ እየተላላጠ ጥጡ ውስጥ ይገባል፣ መዳመጫው ይቆራርጠዋል፣ ቀለም ስለማይቀበል ከጨርቁ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። አንድ ጆንያ የብዙ ኩንታል ጥጥ ዋጋ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ የለቀማ ከረጢት ከአቡጀዴ ይሰፋ፣ መስፊያው ክርም ጥጥ ይሁን፤ የአፍ ማሰሪያው ሲባጎ አይሁን። ለቃሚዎች ጸጉራቸውን ይሸፍኑ፤ የከረሜላ ልጣጭ፣ የጫት ፌስታልና የሲጋራ ቁራጭ የሚጣልበት በርሜል በማሳው ዳር ይቀመጥ።

ሦስተኛው፣ ለሳሉግ (ለለቀማ ከሌላ አካባቢ ለሚመጣ የቀን ሠራተኛ) የሚከፈለው በኪሎ ብቻ ከሆነ ሰውየው ቅጠልና ገለባ ቢጨምር፣ ከጤዛ ጋር ቢለቅም ይጠቀማል። ጥፋቱ የክፍያው ስልት ነው እንጂ የሠራተኛው አይደለም፤ ከሩቅ መጥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለዓመት የሚሆነውን የሚሠራ ሰው ነው። ሁለት ዋጋ አውጡ፤ ንጹሕና ደረቅ ጥጥ ከፍ ባለ ዋጋ፣ ቅጠል ያለበት ዝቅ ባለ ዋጋ። ልዩነቱ ሠራተኛው ንጹሕ ለመልቀም የሚያጠፋውን ጊዜ የሚያካክስ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ፈትኑ፤ አንድ ልምድ ያለው ሰው ንጹሕ እየለቀመ ስንት ኪሎ እንደሚያመጣ፣ እንደ ልማዱ እየለቀመ ስንት እንደሚያመጣ መዝኑና ዋጋውን ከዚያ አውጡ። ሚዛኑ ጠዋት ጠዋት በሚታወቅ ክብደት ይፈተሽ፣ ሠራተኛውም ይየው።

የመጀመሪያው፣ የሁለተኛውና የመጨረሻው ለቀማ አይደባለቁ። ከታች የፈነዳውና ቀድሞ የደረሰው የተሻለ ነው፤ በመጨረሻ የሚለቀመው ብዙውን ጊዜ ያልበሰለና በትል የተነካ ነው።

ምደባና የላቦራቶሪ ውጤት

በአገራችን ልማድ ጥጥ ሀ፣ ለ እና ሐ ተብሎ ይመደባል። ሀ ነጭ፣ ብሩህና ከቅጠል የጸዳ፤ ለ ጥቂት ነጠብጣብና ገለባ ያለበት፤ ሐ የቢጫ፣ የተቆሸሸ ወይም ያልበሰለ። በቃል የሚደረግ ምደባ ዓመት በዓመት ይንሸራተታል። በመጀመሪያው የለቀማ ሳምንት ገዢው፣ ማኅበሩና የወረዳው ባለሙያ በጋራ ተስማምተው ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሣጥን ናሙና ያዘጋጁ፣ ሦስቱም ይፈርሙበት፣ ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጥ። የዓለም የጥጥ ንግድ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚተማመነው በእንዲህ ዓይነት የናሙና ሣጥኖች ነው፤ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ከተዳመጠ በኋላ ከባሌው (ተጨምቆ ከታሰረው የጥጥ ጥቅል) ሁለት ጎን፣ ከእያንዳንዱ 125 ግራም ናሙና ይወሰድ፤ ከአንድ ጎን ብቻ የተወሰደ አያስተማምንም። ውጤቱ ሲመጣ ማይክሮኔሩን (የጭረቱን ቅጥነትና ብስለት የሚያሳየውን ቁጥር) አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከ3.5 እስከ 4.9 ያለው ተቀባይነት አለው፤ ከ3.7 እስከ 4.2 ያለው የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ከ3.5 በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጭረቱ አልበሰለም፤ ዘግይቶ ተዘርቷል፣ ናይትሮጂን በዝቶበታል ወይም ውኃ ቀድሞ ተቋርጦበታል። ርዝመቱ ወደ 28 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው በቴክስ (የጭረት ውፍረት መለኪያ ነው) 28 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ለአገር ውስጥ መፍተያዎች ጥሩ ነው። ርዝመቱ ጥሩ ሆኖ የርዝመቱ ወጥነት ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ዝርያ ተደባልቋል ወይም መዳመጫው ጥጡን እጅግ አድርቆ ቆራርጦታል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የመዳመጫው የዕለት መዝገብ ነው።

ገንዘቡ ከየት፣ መቼ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በመተማ የዘር ጊዜ ልክ የአሮጌው በጀት መዘጊያና የአዲሱ መክፈቻ ላይ ይወድቃል። በሰኔ መጨረሻ ወጪ ይዘጋል፤ አዲሱ ገንዘብ ወረዳው ላይ ሥራ እስኪጀምር ሳምንታት ይሄዳሉ። ስለዚህ የዘር ፍተሻው በግንቦት፣ ከአሮጌው በጀት ይሠራ። ከዘር በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጉብኝት ነዳጅ ከማኅበሩ መዋጮ ይሸፈን። የአቡጀዴ ከረጢቱ ግዥ በነሐሴ ይጀመር፤ ጨረታው ሄዶ ከረጢቱ በኅዳር ካልደረሰ ገበሬው የማዳበሪያ ጆንያውን ያነሣል። የዓመቱን ፍላጎት ክረምቱን ሳትጠብቁ፣ በበጋው በበጀት ጥሪ (መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ፍላጎታቸውን እንዲያቀርቡ በሚጠየቁበት) ወቅት፣ በቁጥር አስደግፋችሁ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ።

ቁጥሩ እንዲህ ይሠራል። 200 አባላት እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር አላቸው እንበል። አንድ ባለሙያ በቀን 8 ማሳ ያያል። ከለቀማ በፊት ሁሉም ማሳ አንድ ጊዜ ይታይ፤ 25 ቀን። ሌሎቹ ሦስት ዙሮች፣ ማለትም ከብቅለት በኋላ፣ በአበባና በግንድ ነቀላ፣ በናሙና ይሁኑ፤ የ200 ካሬ ሥር 14 ከፍ ብሎ 15 ማሳ ነው፣ ለእያንዳንዱ ዙር 2 ቀን። ድምሩ 31 የሥራ ቀን። አበሉ በ31 ይባዛ፤ ነዳጅ፣ የናሙና ማጓጓዣና የላቦራቶሪ ክፍያ ይጨመር። ይህ ሁሉ ለምሳሌ 150 ሺህ ብር ቢመጣና ምርቱ በሄክታር 15 ኩንታል ቢሆን፣ 3,000 ኩንታል ላይ ሲካፈል መዋጮው በኩንታል 50 ብር ነው። በመጥፎ ዓመት 10 ኩንታል ከተገኘ 75 ብር ይሆናል። መዋጮውን በመጥፎው ዓመት አስሉት፣ በጥሩው ዓመት የተረፈው በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። በአሜሪካ የጥጥ ምደባው ራሱ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ወጪው የሚሸፈነው ጥጡን በሚያስመድቡት ሰዎች ክፍያ ነው፤ በእኛም የወረዳው በጀት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው እንዳይቆም የሚያደርገው እንዲህ ያለ መዋጮ ነው።

የምርት ብድር ለሚፈልጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ያልተነቀለ ሰብልንና የተከማቸ ምርትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል። አበዳሪው ይህን በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ላይ ያስመዘግባል፤ ስለዚህ አንዱን ክምር ለሁለት አበዳሪ ማስያዝ በመዝገቡ ይታወቃል። ባንኩ የሚጠይቀው የማሳ መጠን፣ የዘር ደረሰኝ፣ የሦስት ዓመት የምርት መዝገብና የሽያጭ ውል ነው፤ ደረጃውን በትክክል የመዘገበ ማኅበር ይህን ሁሉ በእጁ ይዟል። የመክፈያ ቀኑ ከመጋቢት በፊት የሆነ ውል አትፈርሙ። በታኅሣሥ የሚያልቅ ብድር ገበሬውን ጥጡን በለቀማው ሰሞን ዋጋ እንዲሸጥ ያስገድደዋል። በአዋጅ ቁጥር 372/1996 የመጋዘን ደረሰኝ ለብድር መያዣ የሚሆነው መጋዘኑ ፈቃድ ሲኖረውና ጥጡ በደረጃና በክብደት ሲመዘገብ ነው።

ውጤት ላይ ክርክር ሲነሣ

ከእያንዳንዱ ዕጣ የሚወሰደው ናሙና ለሦስት ይከፈል፤ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ለገዢ፣ ሦስተኛው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ታሽጎ ይቀመጥ። በወረቀት እንጂ በፕላስቲክ አይጠቅለል፤ የዕጣ ቁጥሩ፣ ቀኑና የሦስት ሰው ፊርማ ከውጭ ይጻፍ። ቅሬታ በጽሑፍ፣ ውጤቱ ከደረሰ በ10 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ በውሉ ይግባ፤ የድጋሚ ምርመራውን ክፍያ የተረታው ወገን ይክፈል። የታሸገው ናሙና ለድጋሚ ምርመራ ካልሆነ አይከፈት፤ የመጨረሻው ክፍያ ባንክ እስኪገባ ድረስም አይጣል።